ቤት ውስጥ ሱፐርካር መገጣጠም፦ ሻንሲው ቆሟል፣ ካምቢዮው ላይ ምክር ስጡኝ

ሌሊት_ብየዳ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሰው ጽሑፍ አንብቤ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው፤ አሁን ግን የራሴ ጉዳይ መጣ።

ከስምንት ወር በፊት ያላለቀ ኪት (በቤት የሚገጣጠም የመኪና ዕቃ ስብስብ) ገዛሁ። የመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ የተወው ነው። ከቱቦ የተበየደ ሻንሲ (የመኪናው አጥንት)፣ በካርቶን የተጠቀለሉ የፋይበርግላስ ቦዲዎች፣ ሁለት ሳጥን ሙሉ ቡሎንና ዳዶ፣ መሃሉ የጎደለ የመገጣጠሚያ መመሪያ። ሞተሩ የሚቀመጠው ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ነው።

ሞተር አግኝቻለሁ። ከ1997 እስከ 2004 ከተሠራው ኮርቬት የወጣ 5.7 ሊትር ኤልኤስ1 ቪ8 ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከፖርሽ 911 የወጣ ባለ 5 ማርሽ ጂ50። ሁለቱን የሚያገናኘው ወፍራም ሳህን ከኪቱ ጋር ነበር። ትናንት ሌሊት በሰንሰለት አንጠልጥዬ ለሙከራ አስገባሁት። ቀዳዳው ሁሉ ገጠመ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አልነበረም፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ ሳየው አነጋሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ካምቢዮውን እንዳለ ልሰረው ወይስ ከፍቼ ልየው? ጓደኛዬ የሚሠራ ነገር አይነካም ይለኛል። ሁለተኛው፣ ከዚህ በኋላ ምን ያህል ሥራ ይቀረኛል? ሞተርና ሻንሲ ካለ ዋናው ያለቀ መሰለኝ።

ባለሞርሳው

ልጄ እንኳን ደስ አለህ። ቡሎኑን ግን ገና አታጥብቅ።

911 ላይ ሞተሩ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ነው የሚቀመጠው፣ ካምቢዮው ከፊቱ ነው። አንተ ያደረግከው ተቃራኒውን ነው። ሞተሩ ወደፊት መጥቷል፣ ካምቢዮው ወደኋላ ሄዷል። ሙሉውን ዕቃ ግማሽ ዙር አዞርከው ማለት ነው። ካምቢዮው ግን መዞሩን አያውቅም፣ አክስሉን እንደለመደው ነው የሚያዞረው። እንደለመደው ማለት ደግሞ አሁን ወደኋላ ነው። እንዳለ ካሰርከው አምስት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ነው የምትወጣልህ።

ቃሌን ብቻ አትመን፣ በእጅህ እየው። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ ሞተሩ እንዲቀልህ። አንደኛ ማርሽ አስገባ። የክራንኩን ቡሎን በመፍቻ ይዘህ ከፊት ስታየው በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብለህ አዙር። አንድ ሰው የአክስሉን መውጫ ይይልህ።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ካምቢዮውን ከፍቶ ትልቁን የዲፈረንሻል ጥርስ፣ ኮሮናውን፣ ወደ ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ሌላኛው ጎን ማዛወር ነው። ሌላው ካምቢዮውን በጀርባው ገልብጦ ማሰር ነው። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ግን የዘይት መሙያው፣ ማፍሰሻውና መተንፈሻው ሁሉ ቦታቸው ይለወጣል፣ ዘይቱ የላይኞቹን ጥርሶች መድረሱን ማረጋገጥ አለብህ። እኔ ብሆን ኮሮናውን አዛውራለሁ። ይህ ነገር ያንተ ካምቢዮ ብቻ ችግር አይደለም። የቮልስዋገን ቢትልን ካምቢዮ መሃል ላይ የገጠመ ሰው ሁሉ ያልፍበታል።

ሦስተኛ_ማርሽ

ጋሼ የካምቢዮውን ጥያቄ መልሰውታል፣ እኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። ወንድሜ አትናደድብኝ፣ ዋናው አላለቀም። ሞተር ይታሰራል፣ ያልቃል። ጊዜ የሚበላው በሁለት ዕቃ መሃል ያለው ነገር ነው። የነዳጅ ቱቦው በየት ይለፍ? የፍሪሲዮኑ ቱቦ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ምን ያህል ይራቅ? የማርሽ ገመዱ ከወንበሩ ጎን ተነስቶ እስከ ካምቢዮው ሲሄድ የት ጋ ይታጠፍ? ለእነዚህ በኪቱ ውስጥ የተዘጋጀ ሳጥን የለም።

እኔ የነዳጁን መስመር ሦስት ጊዜ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ለአክስሉ ቀረበብኝ። ቀጥሎ ወንበሩን ሳስር ቡሎኑ ጫፍ ቱቦውን ሊነካው ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው አየሁት። በሦስተኛው ገባ። ያላለቀ ኪት ለሽያጭ ሲቀርብ ፎቶውን ተመልከቱ፦ ሞተር አለ፣ ጎማ አለ፣ ቱቦና ሽቦ የለም። ሰው የሚደክመው እዚያ ጋ ነው። ያንተም የመጀመሪያ ባለቤት እዚያ ጋ ሳይሆን አይቀርም የተወው።

አንድ ጥርጣሬ ደግሞ ልጨምር። ቤት የተገጣጠመ ኪት ሱፐርካር መባሉን ብዙም አልቀበልም። መልኩን ያገኛል። አያያዙ ግን ፋብሪካ የሠራውን አይደርስም ባይ ነኝ።

ክር_እና_ውሃልክ

ሦስተኛ ማርሽ፣ ስለ ቱቦው ትክክል ነህ። ስለ አያያዙ ግን አልስማማም።

ማክላረኖች ኤፍ1 የተባለውን የመንገድ ሱፐርካር ሲሠሩ ሞተሩንና ካምቢዮውን መሞከር ነበረባቸው፣ መኪናው ግን ገና አልተሠራም። ታዲያ የወሰዱት ሁለት ኡልቲማ ኤምኬ3 ነው። ኡልቲማ የእንግሊዝ ኪት መኪና ነው፣ ሰው በቤቱ የሚገጣጥመው። አንዱን አልበርት አሉት፣ ሌላውን ኤድዋርድ። አልበርት ላይ 7.4 ሊትር የሼቭሮሌ ቪ8 ጭነው ካምቢዮውን በጉልበት ፈተኑት። ኤድዋርድ ላይ የቢኤምደብሊውን ቪ12 ገጠሙ። በዘመኑ የዓለም ፈጣኑን የመንገድ መኪና የሚሠሩ ሰዎች ሞተራቸውን ለዚያ ሻንሲ አመኑት።

አያያዝ የሚበላሸው ሻንሲው ኪት ስለሆነ አይደለም። ሠሪው መጨረሻ ላይ ደክሞት የጎማዎቹን አሰላለፍና የፍሬን ሚዛኑን ሳይለካ ስለሚነዳ ነው። ሌሊት ብየዳ፣ እዚያ ስትደርስ ጥራኝ፣ አብረን እንለካዋለን።

ፋይበር_እጅ

ስለጎደለው መመሪያ አትጨነቅ። ሎተስ ሰቨን በ1957 ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ያለቀ መኪና የገዛ ግብር ይከፍላል፣ በክፍል በክፍል የገዛ ግን አይከፍልም ነበር። መገጣጠሚያ መመሪያ ከጨመሩበት ግን ከግብር ነጻ መሆኑ ይሰረዛል። ሎተሶች ምን አደረጉ? መኪናው እንዴት እንደሚፈታ የሚያስረዳ ወረቀት ሰጡ። ገዢው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እያነበበ ገጣጠመው።

ላንተም የሚሠራው ይኸው ነው። ዕቃ የምታወጣባትን መኪና ራስህ ፍታት። የተፈታ ተገዝቶ ከሚመጣ በእጅህ የፈታኸው ይሻላል። እያንዳንዱን ቡሎን ከመንካትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ቡሎኖቹን እንደየቦታቸው በትንንሽ ከረጢት አድርግ፣ ላዩ ላይ ጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ሮንዴላ የት እንደነበር አታስታውስም።

አሁን የኔ ሙያ ወደሆነው ልምጣ፣ ቦዲው። እባክህ ቦዲውን አሁኑኑ ከካርቶን አውጣው። ፋይበርግላስ ከቅርጹ ከወጣ በኋላም ሬዚኑ ለሳምንታት መድረቁንና መኮማተሩን አያቆምም። በካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ከቆየ የቆመበትን ቅርጽ ይይዛል። ሻንሲው ላይ አስቀምጠው፣ በሮቹን ዝጋ፣ ኮፈኑን ክደን፣ በቦታው እንዲደርቅ ሙቀት ባለበት ተወው። ስፖርቴሎው (በሩ) ከቦዲው ጋር ያለው ክፍተት ከላይ አራት ሚሊ፣ ከታች ዘጠኝ ሚሊ ቢሆንብህ አትደንግጥ። የኔ እንደዚያ ነበር። ጠርዙን ፈቅጄ፣ የጎደለውን ደግሞ በሬዚንና በመስታወት ጨርቅ ሞልቼ፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት አምስት ሚሊ አደረስኩት። ለሁለቱ በሮች አርባ ማታ ፈጀብኝ። ስቱኮ ብቻ አትጠቀም፣ ጠርዝ ላይ ወፍራም ስቱኮ በር ሲዘጋ ይሰነጠቃል።

ቀለም አትቸኩል። ሳይደርቅ የተቀባ ቦዲ ፀሐይ ሲያገኘው የጨርቁ ሽመና በቀለሙ ላይ ወጥቶ ይታያል። ጥቁርና ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀት ስለሚስብ ይባስበታል። ስትፈቅ ደግሞ ደህና የአቧራ ጭምብል አድርግ፣ እጅጌህን በፕላስተር ዝጋ። ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ሌሊት_ብየዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ባለሞርሳው፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ወንድሜ አክስሉን እያየ እኔ ክራንኩን አዞርኩ። ወደኋላ! ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ወደኋላ። ካምቢዮውን አውርጄዋለሁ። እህቴ ፋይበር እጅ፣ ቦዲው ዛሬ ከካርቶን ወጥቷል። የግራው በር ከታች ያመለጠው አሥራ አንድ ሚሊ ነው።

ባለሞርሳው

ጎበዝ። ኮሮናውን ስታዛውር የካምቢዮውን ቤት ውስጡን ተመልከት፣ ቦታ ካነሰ ሳይነካ እንዲዞር ማስፋት ሊኖርብህ ይችላል። ኩሽኔታዎቹ እግረ መንገድህን ይቀየሩ፣ ደግመህ የምትከፍተው ነገር አይደለም። በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርስ መሃል ያለውን ክፍተት በመለኪያ ሰዓት ለካ፣ የአምራቹ መጽሐፍ ያለው ልክ እስኪመጣ ስስ ሮንዴላ እየቀያየርክ አስተካክል። ከዚያ ጥርሶቹን ምልክት ማሳያ ቀለም ቀባና አዙር። የነካበት ምልክት በጥርሱ መሃል ይረፍ። ጫፍ ላይ ወይም ሥር ላይ ካረፈ ይጮሃል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እኔ ገና እያሰብኩ ነው፣ ምንም አልገዛሁም። ይህን የካምቢዮ ጉዳይ ሳነብ ፈራሁ። ቀለል ያለ መንገድ የለም?

ሦስተኛ_ማርሽ

አለ። ሞተሩ በወርድ የተቀመጠ፣ የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ውሰድ። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና አክስሎቹን አንድ ላይ ከነማሰሪያቸው አውጥተህ ከወንበሩ ጀርባ አስቀምጣቸው። ሳታዞር ወደኋላ ስለወሰድከው ብቻ ጎማዎቹ በትክክለኛው አቅጣጫ ይዞራሉ። ከ1984 እስከ 1988 የተሠራው ፖንቲያክ ፊየሮ በዚህ ሐሳብ ነው የተሠራው። በዚያ ላይ የውጭ ቦዲው ፕላስቲክ ስለሆነና ከሥር ካለው የብረት አጥንት በቡሎን ስለሚለይ፣ የፌራሪና የላምቦርጊኒ መልክ ያለው ኪት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች እሱ ላይ ነበር የሚሯሯጡት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የፊት ማሰሪያው ላይ የመሪው ዘንጎች አሉ። ከኋላ ስታስቀምጣቸው መሪ ስለሌለ ጫፋቸው ከሻንሲው ጋር በጥብቅ መታሰር አለበት፣ እሱም ትክክለኛው ከፍታ ላይ። ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጎማው በጉድጓድ ሲነሳ በራሱ ይታጠፋል። የኋላ ጎማ በራሱ ሲታጠፍ የሚያስፈራውን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለም።

ክር_እና_ውሃልክ

ለአዲስ ገቢ ሁለት ነገር ልጨምር። ከመግዛትህ በፊት ተቀመጥበት። የፎርድ የእሽቅድምድም መኪና ጂቲ40 የተባለው ቁመቱ 40 ኢንች፣ ወደ 102 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ነው። የሱ ቅጂ ውስጥ ረጅም ሰው ራሱ ጣሪያ ይነካል፣ ሄልሜት ከጨመረማ አይገባም። ሁለተኛው የምትሠራበትን በር ለካ። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ሰው ላምቦርጊኒ ኩንታሽ በቤቱ ምድር ቤት 17 ዓመት ሠርቶ ሲጨርስ የቤቱን መሠረት ቆፍሮ፣ ግድግዳውን ከፍቶ ነው ያወጣው። እሱ ከመጀመሪያውም እያወቀ ነው የገባበት። አንተም ካወቅክ ችግር የለም።

የምዝገባውን ነገር ደግሞ የምትኖርበት አገር መሥሪያ ቤት ሄደህ ሻንሲ ሳትገዛ ጠይቅ። ሕጉ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። የትም ብትሆን ግን የሞተሩን ወረቀት፣ የሁሉንም ዕቃ ደረሰኝና የሥራውን ፎቶ አስቀምጥ። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ እንዲህ ያለ መኪና አንድ በአንድ ነው የሚመረመረው። መብራቱን፣ ፍሬኑንና የቀበቶ ማሰሪያውን ካዩ በኋላ ሰው የሚነካው ጠርዝ ስለት አለመሆኑን ሳይቀር ይለካሉ።

ሽቦ_በሽቦ

ስለ ሽቦ ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳው፣ ምክንያቱም ገመድ አቃጥያለሁ።

ሞተር የሚቀመጠው ጉሚኒ ባለው ማሰሪያ ላይ ነው። ሻንሲው ደግሞ ቀለም ለብሷል። ስለዚህ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር በብረት አይነካካም። እኔ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሻንሲው ላይ አሰርኩና ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) ገመድ ረሳሁት። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) አንዴ "ትክ" ብሎ ቀረ። ባትሪ የደከመ መስሎኝ ደግሜ ያዝኩት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይፈልጋል፣ መመለሻ መንገድ ሲያጣ ያገኘውን ነው የሚይዘው። ያገኘው የማርሽ ገመዴን ነበር። የውስጡ ብረት ግሎ ሽፋኑን አቅልጦታል። ስስበው አይንቀሳቀስም፣ ከሽፋኑ ጋር አንድ ሆኗል።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ገመዱ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ እፍቃለሁ፣ አጥብቄ አስራለሁ፣ ከዚያ ዝገት እንዳይነካው ላዩን ቅባት እቀባለሁ። ከዚያ መልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጌ ሞተሪኖውን አዞራለሁ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየኝ ማሳው ደካማ ነው፣ ወደኋላ ተመልሼ እፈልጋለሁ።

ባትሪው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ያ ወፍራም ገመድ የመኪናውን ርዝመት ሙሉ ይሄዳል። ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጉሚኒ አድርግለት። ባትሪው አጠገብ ማጥፊያ ማብሪያ አስገባ፣ ከወንበርህ ሆነህ እጅህ የሚደርስበት ይሁን። የእሳት ማጥፊያ ደግሞ ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳትህ በፊት አጠገብህ ይኑር። ይሄን በቁምነገር ነው የምለው፣ አዲስ የነዳጅ መስመር የሚያፈሰው የመጀመሪያው ቀን ነው።

ሌሊት_ብየዳ (ከአራት ወር በኋላ)

ጠፋሁ አይደል? ሥራ ላይ ነበርኩ። ኮሮናው ተዛውሯል፣ አንድ ባለሙያ ረድቶኛል፣ ምልክቱ ጥርሱ መሃል ላይ አርፏል። አክስሎቹ አሁን ወደፊት ይዞራሉ። ነዳጁና ፍሬኑ ተዘርግቷል። ሽቦ በሽቦ ያልከኝን ማሳ ሁለት ቦታ አስሬዋለሁ። መልቲሜትሩ 0.2 ቮልት አለኝ።

ቅዳሜ ሞተሩ ተነሳ!! ማርሚታ የለውም፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚወጣው ቱቦ ብቻ ነው። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ወንድሜ ማጥፊያውን ይዞ ቆሞ ነበር፣ ምንም አላፈሰሰም።

አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ 95 ደረሰ፣ ከዚያ ድንገት ወደ 60 ወረደ። ራዲያተሩ መሥራት ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ግን ራዲያተሩን በእጄ ስነካው ቀዝቃዛ ነው። የኋለኛው ቱቦ ግን አያስነካም። ደህና ነው?

ባለሞርሳው

አታስነሳው! ደህና አይደለም። መለኪያው የወረደው ውሃው ስለቀዘቀዘ አይደለም፣ መለኪያው ጋ ያለው ውሃ ስለሸሸ ነው። ጫፉ አየር ውስጥ ነው ያለው። አየር ደግሞ ውሃ የሚያስተላልፍለትን ያህል ሙቀት አያስተላልፍለትም። ቴስታታው እየጋለ መለኪያው ቀዝቃዛ ነው ይልሃል። ስንት ደህና ሞተር በዚህ ተቃጥሏል።

ያንተ ራዲያተር ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ። በመሃል ሁለት ረጅም ቱቦ በወለሉ ሥር ይሄዳል። ውሃ ከላይ ስትሞላ አየሩ መውጫ አጥቶ ሁለት ቦታ ይታሰራል፦ ራዲያተሩ አናት ላይና ቴስታታው ላይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኤልኤስ ሞተር ቴስታታው ላይ ቀጭን የእንፋሎት ቱቦ አለው። እሱን የት አገናኘኸው?

ሌሊት_ብየዳ

ጋሼ... ደፍኜዋለሁ። የት እንደሚሄድ ስላላወቅሁ በቡሎን ደፈንኩት።

ባለሞርሳው

በል ክፈተው። እሷ ቀጭን ቱቦ ናት ቴስታታውን የምታድነው። ወደ መጠባበቂያ ጋኑ አናት ውሰዳት፣ ጋኑ ደግሞ ከውሃው መንገድ ሁሉ በላይ ከፍ ያለ ቦታ ይታሰር። ራዲያተሩ አናት ላይ መተንፈሻ ቡሎን ከሌለው አስገባለት። ከዚያ መሙያው ከሁሉም ከፍ እንዲል መኪናውን በክሪክ አንሳ፣ ቀስ ብለህ ሙላ፣ ራዲያተሩ ላይ ያለውን ቡሎን ፈታ አድርገህ አረፋው አልቆ ንጹህ ውሃ እስኪወጣ ጠብቅ። ቱቦዎቹን በእጅህ ጨምቅ፣ ሲንኮራኮር ትሰማለህ። አንድ ሰዓት ቢፈጅብህም አትቸኩል። ሞተሩን የምታስነሳው ከዚያ በኋላ ነው፣ እጅህን ራዲያተሩ ላይ አድርገህ። መለኪያውን አትመን፣ እጅህ ሙቀት ሲሰማው ያኔ ውሃው ዞሯል።

ሌሊት_ብየዳ (ከአንድ ሳምንት በኋላ)

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሊትር ተኩል ተጨማሪ ውሃ ወሰደ! ያን ያህል አየር ነበረበት። አሁን 92 ላይ ይቆማል፣ ማራገቢያው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ራዲያተሩም እኩል ይሞቃል። ሞተሩ አልተጎዳም፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለክቼ ስምንቱም ተቀራራቢ ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ያለ ቦዲ፣ ሻንሲ ብቻውን፣ በግል ግቢ ውስጥ በዝግታ ነዳሁት። ሄልሜትና ቀበቶ አድርጌ። ቡሎኖቹን ሁሉ በቶርክ መፍቻ አጥብቄ፣ እያንዳንዱ ላይ ቢጫ መስመር አስምሬ ነበር። ተመልሼ ሳይ አንዱም መስመር አልተሰበረም። ወደ ፊት ሄደ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ወደ ፊት! እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ክር እና ውሃልክ፣ እዚያ ስደርስ ጥራኝ ብለኸኝ ነበር። መሪውን ስለቀው ወደ ቀኝ ይስባል። ነዳጅ ስሰጠው ይብስበታል። ፍሬን ስይዝ ደግሞ የፊቱ ቶሎ ይታሰራል።

ክር_እና_ውሃልክ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ከልቤ ነው።

መጀመሪያ ፍሬኑን ላንሳ። ፍሬንህ የመጣው ሞተሩ ከፊት ካለ መኪና ነው። ያንተ መኪና ክብደት ወደ ኋላ ሄዷል፣ ስለዚህ የፊቱ ፍሬን ከሚገባው በላይ እየሠራ ነው። ፔዳሉ ላይ የሚዛን ዘንግ (የፍሬኑን ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል) ካለህ ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ አምጣው። ግን ልብ በል፣ በምንም ዓይነት የኋላው ከፊቱ ቀድሞ መታሰር የለበትም። ከኋላ ከታሰረ መኪናው ይዞራል። ሩብ ዙር አስተካክል፣ ሞክር፣ ጻፍ፣ እንደገና።

ነዳጅ ስትሰጠው የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬዬ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። ወለሉ ለጥ ያለ መሆኑን በውሃልክ እይ። የጎማዎቹን ንፋስ እኩል አድርግ። አንተ የምትመዝነውን ያህል ክብደት ወንበሩ ላይ አስቀምጥ፣ መኪናውን ወዲያ ወዲህ ግፋና ተወው፣ ራሱ ይረጋጋ። ከዚያ አራት መቆሚያ አምጣ፣ በመኪናው ግራና ቀኝ በጎማው መሃል ከፍታ ክር ዘርጋ። ሁለቱ ክሮች ከፊትም ከኋላም እኩል ርቀት ይኑራቸው፣ ከሻንሲው መሃል መስመር ጋርም እኩል ይሁኑ። አሁን ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ለካ። የሁለቱ ልዩነት ጎማው ወዴት እንደሚያይ ይነግርሃል። የአራቱንም ጎማ ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ። ቁጥሩን ሳላይ ምንም አትፍታ።

ሌሊት_ብየዳ

ለካሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ወንድሜ ደግሞ ሳያየኝ ለብቻው ለካ፣ ተመሳሳይ ነው።

የፊት ግራ፦ ዜሮ። የፊት ቀኝ፦ ዜሮ። የኋላ ቀኝ፦ የፊት ጠርዙ 2 ሚሊ ወደ ውስጥ። የኋላ ግራ፦ የፊት ጠርዙ 4 ሚሊ ወደ ውጭ።

ክር_እና_ውሃልክ

ያውልህ፣ የኋላ ግራው። ወደ ውጭ እያየ ነው፣ ቀኙ ደግሞ ወደ ውስጥ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ወደ ግራ እየሄዱ ነው ማለት ነው፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሞተሩ መሃል ያለ መኪና የኋላ ጎማው ወደ ውጭ ካየ በፍጥነት ላይ ድንገት ይዞራል፣ እንኳንም በዝግታ ነዳኸው። ሁለቱንም ወደ ውስጥ እኩል አድርጋቸው፣ ለመነሻ ጠርዙ ላይ 1.5 ሚሊ ይበቃል። የኋላ ግራ ጎማውን አቅጣጫ የሚያስተካክለውን ዘንግ መቆለፊያ ዳዶ ፍታና ግማሽ ዙር ብቻ አዙር፣ ከዚያ ለካ። ከዘንጉ ጥርስ በቂ ርዝመት ውስጥ መቅረቱን ሳታይ እንዳታስር።

ሌሊት_ብየዳ

ግማሽ ዙር አዞርኩ፣ ከ4 ወደ 2.5 ወረደ። ጥርሱ ገና ብዙ አለው። ክሩን አላነሳሁትም፣ ቀሪውን ነገ ጠዋት በብርሃን እቀጥላለሁ።